በቀደመው ዘመን ቤዝቦል የስትራይክአውት ንጉሥ ማን ይባል? ከኪልሮይ እስከ ዋዴል የወርዋሪዎች ንጽጽር

የአንድ ዓመት የስትራይክአውት ክብረ ወሰን ሰንጠረዥ ከላይ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ ማት ኪልሮይ 513፣ ቶድ ራምሲ 499፣ ሂው ዴይሊ 483፣ ዱፒ ሾው 451፣ ቻርልስ ራድቦርን 441፣ ቻርሊ በፊንተን 417፣ ጋይ ሄከር 385። ሰባቱም ከሁለት ዓመት ብቻ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱ ከ1886፣ አምስቱ ከ1884። ስምንተኛው መስመር ላይ ሰንጠረዡ በአንዴ ወደ 1973 ይዘልና ኖላን ራያንን በ383 ያስቀምጣል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ በሁለት ዓመት ሰባት ተአምረኛ ክንድ ወልዳ ከዚያ ለዘጠና ዓመት ያህል መከነች ማለት አይቻልም። የተለየው ደንቡ ነው።

ስለዚህ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን መምረጥ ያለበት ሰው፣ ለክርክርም ይሁን ለጽሑፍ፣ ወይም የጥንት ተጫዋቾችን አሰልፎ በኮምፒውተር ለሚያጫውት፣ ከስሙ በፊት ዓመቱን መመርመር አለበት።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ አንባቢ ባጭሩ፦ ወርዋሪው ኳሷን ወደ መቺው ይወረውራል፤ ከመቺው ጀርባ ቀላቢው ይቀመጣል። መቺው ሞክሮ የሳታት፣ ወይም በሚመታበት ክልል አልፋ ያልመታት ኳስ «ስትራይክ» ትባላለች። መቺው ሦስት ስትራይክ ሲቆጠርበት ይወጣል፤ ስትራይክአውት ማለት ይህ ነው። ከሚመታበት ክልል ውጪ የተጣለች ኳስ ደግሞ «ቦል» ትባላለች፤ አራት ከሞላች መቺው በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል፤ ይህን ዎክ ይሉታል። ሦስት መቺዎች ሲወጡ የወርዋሪው አንድ ኢኒንግ ያልቃል።

መጀመሪያ ደንቡን እዩ

ርቀቱ። እስከ 1880 ወርዋሪው ከመቺው 45 ጫማ ላይ ነበር፤ 13.7 ሜትር ገደማ። በ1881 ወደ 50 ጫማ፣ በ1893 ደግሞ ዛሬ ወዳለው 60 ጫማ ከ6 ኢንች ወጣ፤ ይህም 18.44 ሜትር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። «በ1893 ርቀቱ በ10 ጫማ ጨመረ» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። 50 ጫማው የሚለካው እስከ መወርወሪያው ሳጥን የፊት መስመር ነበር። ከ1887 ጀምሮ ግን የወርዋሪው የኋላ እግር በሳጥኑ የኋላ መስመር ላይ እንዲሆን ተደነገገ፤ ያ መስመር ደግሞ 55 ጫማ ከ6 ኢንች ላይ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ጭማሪ 5 ጫማ ነው። በ1886 ሳጥኑ 7 ጫማ ርዝመት ነበረው፤ ወርዋሪው በውስጡ ተንደርድሮ መወርወር ይችላል። በዓመቱ ወደ 5 ጫማ ተኩል ሲያጥርና እግሩ ሲታሰር መንደርደሩ ቀረ።

ክንዱ። ከዘመኑ ዋና ሊጎች አንዱ የሆነው ናሽናል ሊግ ከትከሻ በላይ መወርወርን የፈቀደው በ1884 ነው። ከዚያ በፊት እጅ ከትከሻ ከፍታ ማለፍ አይችልም ነበር። ከላይ የሰንጠረዡ አምስት ሰዎች ከ1884 የመጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ መቺዎቹ በዚያ ከፍታ ለሚለቀቅ ኳስ ገና ዓይናቸውን አላስለመዱም።

ቆጠራው። እስከ 1886 መቺው «ከፍ ያለ» ወይም «ዝቅ ያለ» ብሎ የኳሷን ከፍታ የማዘዝ መብት ነበረው፤ በ1887 ቀረ። በዚያው በ1887፣ ለአንድ ዓመት ብቻ፣ መቺ የሚወጣው በአራት ስትራይክ ነበር። የዎክ ቁጥር በ1879 ዘጠኝ ቦል ነበር፤ ቀስ በቀስ ወርዶ በ1889 አራት ላይ ቆመ። ከሁሉ የሚረሳው ግን ፋውል ነው፤ ከመስመር ውጪ የተመታ ኳስ እንደ ስትራይክ መቆጠር የጀመረው በናሽናል ሊግ በ1901፣ በአሜሪካን ሊግ በ1903 ነው። ከዚያ በፊት ጎበዝ መቺ የሚያስቸግረውን ኳስ ሁሉ ወደ ጎን እየገፋ ያለ ቅጣት መቆም ይችል ነበር።

የ1886ን የኪልሮይ 513 ከ1893ቱ የኤሞስ ሩሲ 208 ጋር በቀጥታ ማወዳደር በንጉሡ ዘመን ብር የተገዛ በሬን ዋጋ ከዛሬው ጋር እንደማወዳደር ነው።

የምንመዝንበት ስሌት

ሁለት ስሌት ይበቃል። አንደኛው በዘጠኝ ኢኒንግ ነው፤ ስትራይክአውቱን በ9 አባዝቶ ለኢኒንጉ ማካፈል። ጥንቃቄ፦ በሰንጠረዥ 588.2 ተብሎ የተጻፈ ኢኒንግ 588 ከሁለት ሦስተኛ ማለት ነው እንጂ 588 ነጥብ 2 አይደለም። ስለዚህ ራምሲ በ1886፦ 499 በ9 ሲባዛ 4,491፤ ለ588.67 ሲካፈል 7.63። ስህተቱ በትልቅ ቁጥር ላይ ብዙም አያሳይም፤ በአንድ ጨዋታ 8.2 ኢኒንግ ላይ ግን ስሌቱን ያበላሻል።

ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያው የሚሻለው፣ አንደኛ የወጣውን ቁጥር በዚያው ሊግ፣ በዚያው ዓመት ሁለተኛ ለወጣው ማካፈል ነው። ሁለቱም በአንድ ደንብ ስለተጫወቱ ርቀቱም ፋውሉም በራሱ ይጣፋል። የዚህም ድክመት አለው፤ ሁለት ኃይለኞች በአንድ ዓመት ከተገናኙ አንዱ የሌላውን ብልጫ ይሸፍናል። እንዲያ ሲሆን ሦስተኛውን ተመልከቱ።

ኪልሮይ ወይስ ራምሲ?

ሁለቱም ግራኝ፣ ሁለቱም በ1886 የናሽናል ሊግ ተፎካካሪ በነበረው በአሜሪካን አሶሲዬሽን። ኪልሮይ የ20 ዓመት ልጅ፣ በሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ፣ ለባልቲሞር 583 ኢኒንግ ወርውሮ 513። ራምሲ ለሉዊቪል 588 ከሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ 499። በዘጠኝ ኢኒንግ 7.92 ለ7.63። በሁለተኛው ስሌት ኪልሮይ ከራምሲ የሚበልጠው በ1.03 ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ኤድ ሞሪስ 326 ስለሆነ ግን ሁለቱም ከቀረው ሊግ ርቀው ነበር። የኪልሮይ ቡድን የመጨረሻ ወጣ፤ ካሸነፈው 48 ጨዋታ 29ኙ የእሱ ናቸው። 68 ጨዋታ ጀምሮ 66ቱን ራሱ ጨርሷል።

እስከዚህ ድረስ ኪልሮይ ይቀድማል። ፈተናው የመጣው በማግስቱ ነው። በ1887 አራት ስትራይክ ሲሆን፣ መንደርደሪያውም ሲያጥር፣ ኪልሮይ 589 ኢኒንግ ያህል ወርውሮ ወደ 217 ወረደ፤ በዘጠኝ ኢኒንግ 3.31። 46 ጨዋታ አሸንፏልና ተበላሸ አይባልም፤ መቺን በስትራይክ ማስወጣቱ ግን ከደንቡ ጋር አብሮ ሄደ። ራምሲ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሊግ 355 አስወጣ፤ ሁለተኛው ያው 217 ያለው ኪልሮይ ነው። 1.64 ብልጫ። ለእያንዳንዱ ስትራይክአውት አንድ ስትራይክ ተጨምሮበት ይህን ማድረግ ከ499ኙም ይከብዳል፤ እንደ እኛ ሚዛን ከ513ቱም ይከብዳል። ክብረ ወሰን ዝርዝር ላይ ግን 355 ዓይን አይስብም፤ ተቀብሮ ቀርቷል።

ምክንያቱን በኳሱ ዓይነት ማየት ይቻላል። ራምሲ ቀድሞ ጡብ ገንቢ ነበር፤ በሥራ ላይ የግንበኛ ማንኪያው የመጣያ እጁን ሌባ ጣት ጅማት ቆርጦበት ጣቱ እንደ ልብ አይዘረጋም ነበር ይባላል። ኳሷን በታጠፈ ጣት ስለሚይዝ መቺው ጋ ስትደርስ ድንገት ትወድቃለች። ይህ በመንደርደር ላይ የሚደገፍ ኳስ አይደለም፤ ስለዚህ ሳጥኑ ሲያጥር ያጣው ነገር ትንሽ ነው።

ቁጥሩን ብቻ ለሚፈልግ ኪልሮይ፤ ወርዋሪውን ለሚፈልግ ራምሲ። ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ሰው ለሚፈልግ ግን ሁለቱም አይሆኑም። የራምሲ የሊግ ሕይወት በ1890 አልቋል፤ የኪልሮይም ክንድ ከ500 በላይ ኢኒንግ ከወረወረባቸው ከእነዚያ ሁለት ዓመታት በኋላ ወደነበረበት አልተመለሰም።

ዴይሊና የዩኒየን አሶሲዬሽን ጥያቄ

ሂው ዴይሊ በልጅነቱ በጠመንጃ አደጋ ግራ እጁን ያጣ ሰው ነው። በ1884 በ500 ከሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ 483፤ በዘጠኝ ኢኒንግ 8.68። እዚህ ካሉት የጥንት ወርዋሪዎች የሙሉ ዓመት ቁጥር ከፍተኛው ነው። በአንድ ጨዋታም በጁላይ 7 ቦስተን ላይ 19 አስወጥቷል።

ችግሩ ሊጉ ነው። ዩኒየን አሶሲዬሽን አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ ፈረሰ። ዴይሊ የነበረበት የቺካጎ ቡድን በመሀል ወደ ፒትስበርግ ተዛወረ፣ ከዚያ ተበተነ፤ እሱ ዓመቱን የጨረሰው በዋሽንግተን ነው። አንደኛ የወጣው ሴንት ሉዊስ 94 አሸንፎ 19 ብቻ ተሸነፈ፤ ይህ የውድድር ሳይሆን የእንግልት ውጤት ነው።

ምን ያህል እንቀንስለት? መልሱን ዱፒ ሾው ይሰጠናል። በዚያው በ1884 መጀመሪያ በናሽናል ሊግ ለዲትሮይት 227 ከሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ ወርውሮ 142 አስወጣ፤ ከዚያ ወደ ዩኒየኑ ቦስተን ተሻግሮ በ315 ከሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ 309። አንድ ሰው፣ አንድ ክንድ፣ አንድ ዓመት፤ 5.61 ወደ 8.81 ወጣ። ይህን ልክ ለዴይሊ ብንጠቀም 8.68 ወደ 5.5 ይወርዳል፤ 483ቱም ወደ 300 አካባቢ። በአንድ ሰው ላይ የተመሠረተ ግምት ስለሆነ እንደ ሕግ አትያዙት፤ ከፕሮቪደንስ ወደ ሴንት ሉዊስ የተሻገረው የቻርሊ ስዊኒ ልዩነት ያን ያህል አልሰፋም። ቢሆንም ዴይሊን አንደኛ አድርጎ የሚመርጥ ሰው ሊጉን መርጧል እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ራድቦርን፦ ብዛትና ብቃት ሲደባለቁ

የራድቦርን 1884 በቤዝቦል ታሪክ ከታወቁት ዓመታት አንዱ ነው። ለፕሮቪደንስ 678 ከሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ፣ 73 ጨዋታ ጀምሮ 73ቱንም ጨርሶ፣ 441 ስትራይክአውት። በጁላይ ስዊኒ ቡድኑን ጥሎ ሲሄድ ሸክሙን ብቻውን ተሸከመ፤ ቡድኑም የናሽናል ሊግን ዋንጫ ወሰደ። በኦክቶበር ከኒውዮርክ ሜትሮፖሊታንስ ጋር የተደረጉትን ሦስት ጨዋታዎችም እሱው አሸነፈ።

ለስትራይክአውት ግን ልንመርጠው አይገባም። በዘጠኝ ኢኒንግ 5.85 ነው፤ በዚያው ሊግ በዚያው ዓመት የቦስተኑ በፊንተን በ587 ኢኒንግ 417 አስወጥቶ 6.39 ደርሷል። የራድቦርን ብልጫ የመጣው 90 ያህል ኢኒንግ ጨምሮ ስለወረወረ ነው። ጨዋታ የሚያሸንፍ ሰው ለሚፈልግ ራድቦርንን የሚያህል የለም፤ መቺን በስትራይክ የሚያስወጣ ለሚፈልግ ግን በፊንተን ጎን ለጎን መታየት አለበት። ብዙ ዝርዝሮች በፊንተንን ጭራሽ የማያነሱት የራድቦርን ዝና ስለጋረደው ይመስለናል።

ከ1884 በፊት የነበሩትን ባጭሩ

በናሽናል ሊግ የመጀመሪያ ዓመት፣ 1876፣ አንደኛ የወጣው የሉዊቪሉ ጂም ዴቭሊን 622 ኢኒንግ ወርውሮ 122 ብቻ አስወጣ፤ በዘጠኝ ኢኒንግ 1.77። በዓመቱ ጨዋታ ሸጧል ተብሎ ለዘላለም ታገደ። አየርላንድ የተወለደው ቶሚ ቦንድ በ1877 በ170፣ በ1878 በ182 መርቷል። በ1880 የቺካጎው ላሪ ኮርኮራን 268። ከእነዚህ ሁሉ ለምርጫ የሚቀርበው የ1883ቱ ጂም ዊትኒ ነው፤ በ514 ኢኒንግ 345 ስትራይክአውት፣ ዎክ 35 ብቻ። ለአንድ ዎክ አሥር ያህል ስትራይክአውት ማለት ነው። ያኔ ለዎክ ብዙ ቦል ያስፈልግ እንደነበር ግን አትርሱ።

ቲም ኪፍ የዓመት ሳይሆን የዕድሜ ምርጫ ነው። በ1883 በአሜሪካን አሶሲዬሽን በ359፣ በ1888 በናሽናል ሊግ በ335 መርቷል። በሁለት ሊግ፣ በሁለት ዓይነት ደንብ። ጸጥ ያለ አስተማማኝነት ለሚወድ ይስማማዋል።

ሩሲ፦ ርቀቱ ያልበገረው

አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ኤሞስ ሩሲን ነው። የኢንዲያና ልጅ፣ የኒውዮርክ ጃያንትስ ወርዋሪ። በ1890፣ በ1891፣ በ1893፣ በ1894 እና በ1895 ናሽናል ሊግን በስትራይክአውት መርቷል። በመሀል በ1892 የቺካጎው ቢል ሃቺሰን በ314 ቀደመው፤ ሩሲ 304 ነበረው።

ክርክሩ በ1893 ላይ ነው። ርቀቱ ሲጨምር የሁሉም ቁጥር ወደቀ፤ የእሱም ከ300 በላይ የነበረው ወደ 208 ወረደ፤ በዘጠኝ ኢኒንግ 3.88። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ደከመ ይላል። ሁለተኛው የብሩክሊን ብሪክያርድ ኬኔዲ ግን 107 ነው። 1.94 ብልጫ፤ ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። በዚህ ጽሑፍ ካሉት ሁሉ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። ደንቡ የተለወጠው አንዱ ምክንያት የእሱን የመሰለ ፍጥነት ነው ተብሎም ይነገራል፤ እውነት ከሆነ መድኃኒቱ በሽተኛውን ሳይሆን ጎረቤቶቹን ነው የጎዳው።

ጉድለቱም መነገር አለበት። በ1890 የሰጠው 289 ዎክ እስካሁን በአንድ ዓመት ከተሰጡት ሁሉ ከፍተኛው ነው። ያ ዓመት ራሱ ተቀናሽ አለው፤ ፕሌየርስ ሊግ ተመሥርቶ ብዙ ጥሩ መቺዎችን ከናሽናል ሊግ ወስዶ ነበር። ስለዚህ የሩሲን ምርጥ ዓመት ስትመርጡ የ1890ን 341 ትታችሁ የ1893ን 208 ወይም የ1894ን 195 ውሰዱ። በ1894 በድልም በ36 መርቷል። በ1896 ከቡድኑ ባለቤት ጋር በደመወዝ ተጣልቶ ዓመቱን ሙሉ አልተጫወተም።

ዋዴል የዚህ ዘመን ሰው ነው?

ሩብ ዋዴል ዳር ላይ የቆመ ነው። በ1904 ለፊላዴልፊያ አትሌቲክስ በ383 ኢኒንግ 349፤ በዘጠኝ ኢኒንግ 8.20፣ ከሁለተኛው ጃክ ቼስብሮ 239 ጋር 1.46። ዛሬ ካለው ርቀት ላይ፣ ዛሬ ባለው የዎክ ቁጥር። ይህን ያስመዘገበው ግን ፋውል ስትራይክ ከሆነ በኋላ ነው። ለፍትሕ የ1902ን ውሰዱ፤ በአሜሪካን ሊግ ፋውል ገና አልተቆጠረም፣ እሱም ውድድሩ ከተጀመረ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ በጁን መጨረሻ ነው ፊላዴልፊያ የደረሰው። ያም ሆኖ በ276 ከአንድ ሦስተኛ ኢኒንግ 210፤ በዘጠኝ 6.84፤ ሁለተኛው ሳይ ያንግ 160። ከ1902 እስከ 1907 ስድስት ዓመት በተከታታይ መርቷል። ከ1893 በኋላ ባለው ርቀት ብቻ እንምረጥ የሚል ሰው ከሩሲ ይልቅ እሱን ቢመርጥ አንከራከረውም፤ ሩሲን የምናስቀድመው በሁለቱም ርቀት ስለመራ ብቻ ነው።

በሰንጠረዡ የሌሉት

ከእነዚህ ዝርዝሮች ጥቁር ወርዋሪዎች የጠፉት በአቅም ማነስ አይደለም። በ1884 ለቶሌዶ 325 ያስወጣው ቶኒ ሙሌን ኳሱን ይቀልብለት የነበረው ሞዝስ ፍሊትውድ ዎከር ነበር፤ ሙሌን የጥቁር ቀላቢን ምልክት ላለመቀበል የፈለገውን ይወረውር እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። በ1887 ግራኙ ጆርጅ ስቶቪ ለኒውአርክ ከ30 በላይ ጨዋታ አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ኢንተርናሽናል ሊግ ለጥቁር ተጫዋቾች አዲስ ውል እንዳይሰጥ ወሰነ። «የዘመኑ ምርጥ» ብላችሁ ስትጽፉ «ከተፈቀደላቸው መካከል» የሚለውን መጨመር ትክክል ነው።

ቁጥር ስትገለብጡ

የዚያ ዘመን መዝገብ ብዙው በኋላ ከጋዜጣ የጨዋታ ዘገባ የተለቀመ ስለሆነ ሁለት መጽሐፍ ሁለት ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። የዋዴል 1904 ለረጅም ጊዜ 343 ተብሎ ነበር የሚታወቀው። ቦብ ፌለር በ1946 348 ሲያስወጣ ክብረ ወሰኑ ተሰበረ ተባለ፤ ኋላ የዋዴል ጨዋታዎች እንደገና ሲቆጠሩ 349 ሆነና የፌለር አንድ ጎደለው። የራድቦርን 1884 ድል በአንዳንዱ 59፣ በአንዳንዱ 60 ነው። ስለዚህ የሁለት ወርዋሪዎችን ቁጥር ስታነጻጽሩ ሁለቱንም ከአንድ መዝገብ ውሰዱ። በ1871 የተጀመረውን ናሽናል አሶሲዬሽን በተመለከተ ደግሞ በ1969 የመዝገብ ኮሚቴው ከዋና ሊጎች ውጪ ሲያደርገው ዩኒየን አሶሲዬሽንን ግን አስገብቶታል፤ የዴይሊ 483 በዝርዝሩ ላይ የተቀመጠው በዚሁ ውሳኔ ነው።